ዳገት ላይ ለሚሞቅ መኪና፦ በ555 ታይመር የሚታዘዝ ሶሌኖይድ ቫልቭ ሠርቶ ራዲያተር ላይ ውሃ መርጨት

ከቃሊቲ ጭኖ የተነሳ አሮጌ መኪና ከተማውን በሰልፍ አቋርጦ ከአዲሱ ገበያ በላይ ወደ ሱሉልታ ሲወጣ፣ የሙቀት ጌጁ የት ጋ እንደሚነሳ ሾፌሩ በልቡ ያውቀዋል። በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ከፊት የሚገባው ነፋስ ጥቂት ነው። ረዳቱ ወርዶ ከጀሪካን ራዲያተሩ ላይ ውሃ ያፈሳል። አብዛኛው ውሃ መሬት ላይ ይቀራል፤ መኪናውም መቆም ነበረበት። እዚህ የሚቀርበው አሠራር ያንኑ ሥራ መኪናው እየሄደ፣ በትንሽ ውሃ፣ በየ15 ሰከንዱ ያስኬዳል። የሚያስፈልገው ባለ 12 ቮልት ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ የውሃ በር)፣ በባትሪ የሚሠራ መርጫ ፓምፕ፣ ጥቂት ኖዝል (ውሃ የሚበትን አፍ) እና በአንድ 555 አይሲ (ሰዓት የሚቆጥር ባለ 8 እግር ቺፕ) የተሠራ ታይመር ነው።

ሶልደር ከማሞቃችሁ በፊት ግን የራዲያተሩን ክዳን እዩ።

ውሃ በባህር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖም ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ድረስ ይሠራል። ስለዚህ እኛ ጋ ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 (ባር ማለት ነው) የሚል ቁጥር ካለና ስፕሪንጉና ጎማው ጤነኛ ከሆኑ የመፍያው ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ይወጣል። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ፣ በተለመደው ሙቀቱ ላይ እያለ፣ ውሃው ይፈላል። ስንቱ ራዲያተር በክዳን ምክንያት ወርዶ ተበየደ! ክዳን መቀየር ከዚህ ሁሉ ሥራ ይረክሳል።

ከክዳኑ ቀጥሎ የፋኑን ቺንጋ፣ ቴርሞስታቱን እና የራዲያተሩን ክንፎች እዩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ክዳኑን ከፍታችሁ ስታስነሱት ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ የቴስታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተበልቷል፤ ለዚያ የውሃ ርጭት መድኃኒት አይሆንም። ይህ ሥራ የሚጠቅመው ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ጭነትና ዳገት ሲበዛ ብቻ ለሚሞቅ መኪና ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳን በምንም ምክንያት አይከፈትም።

ቫልቭ ስትመርጡ

ገበያ ላይ ከውጭ አንድ የሚመስሉ፣ ውስጣቸው ግን የተለያየ ቫልቮች አሉ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ወጥመድ ቮልቴጁ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን የውሃ መግቢያ ቫልቭ ነጭ ፕላስቲክ፣ ባለ ግማሽ ኢንች ጥርስ፣ ከላይ ሁለት ምላስ ያለው ነው፤ የ12 ቮልቱም ልክ እንደዚያው ነው። ጽሑፉ ከጠፋ በመልቲሜትር የኮይሉን (የውስጡን የሽቦ ጥቅል) ኦም ለኩ። የ12 ቮልት ኮይል ከ20 እስከ 40 ኦም ባለው ውስጥ ያነባል፤ የ220 ቮልቱ በሺዎች ኦም የሚቆጠር ነው። 30 ኦም ያነበበ ኮይል በ12 ቮልት 0.4 አምፒር ይወስዳል። ሞተሩ ሲነሳና ቮልቴጁ 14.2 ሲደርስ ደግሞ ወደ 0.47 አምፒር ይጠጋል። ቁጥሩን ጻፉት፤ ፊውዝ ስትመርጡ ትፈልጉታላችሁ።

ሁለተኛው ወጥመድ አከፋፈቱ ነው። አንዱ ዓይነት ኮይሉ ራሱ ቀዳዳውን ይከፍታል፤ ያለ ምንም ግፊት ይሠራል። ሌላው፣ ያ ነጭ ፕላስቲክ፣ ኮይሉ የሚከፍተው መርፌ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ዋናውን በር የሚያነሳው ራሱ የውሃው ግፊት ነው። ጎኑ ላይ ከ0.02 እስከ 0.8 ሜጋፓስካል የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። 0.02 ሜጋፓስካል ማለት የሁለት ሜትር ከፍታ ውሃ ግፊት ነው። ጀሪካኑን ጋቢናው ጣሪያ ላይ አስራችሁ በቱቦ ብታወርዱት አንድ ሜትር ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ቫልቩ ቀጭ ይላል፣ ውሃ ግን አይመጣም፣ ወይም ተከፍቶ በደንብ ሳይዘጋ ያንጠባጥባል። ሰውም ታይመሩ ተበላሸ ብሎ ሰሌዳውን ሲነቃቅል ይውላል።

ፓምፕ ስለምንጠቀም ሁለቱም ዓይነት ይሆናል። የነሐስ አካል ያለው ባለ አንድ አራተኛ ኢንች፣ በኮይሉ በቀጥታ የሚከፈተው ግን ይመረጣል፤ ጥርሱ ሲጠብቅ አይሰነጠቅም፣ ለኖዝል የሚበቃ ውሃም ያሳልፋል። አካሉ ላይ ያለውን ቀስት አትርሱ፤ በተቃራኒው የገባ ቫልቭ ሲዘጋም ያሳልፋል።

ፓምፕ፣ ጀሪካን፣ ኖዝል

ገበሬ የሚጠቀምበት ባለ 16 ሊትር የባትሪ መርጫ ውስጥ ያለው ፓምፕ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። 12 ቮልት ነው፣ ከ2 እስከ 3 አምፒር ይወስዳል፣ የራሱ የግፊት ማብሪያ አለው፦ መውጫው ሲዘጋ ግፊቱ ሞልቶ ራሱን ያጠፋል፣ ሲከፈት ይነሳል። ስለዚህ ታይመሩ የሚያዘው ቫልቩን ብቻ ነው፤ ፓምፑ ተከትሎ ይነሳል፣ ተከትሎ ይቆማል። መለዋወጫው ለብቻው ይሸጣል። የመስታወት ማጠቢያ ፓምፕ ግን ለዚህ አይሆንም፤ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ነው፣ መውጫው ተዘግቶ ሲሠራ ይቃጠላል።

ከጀሪካኑ ወደ ፓምፑ በሚሄደው ቱቦ ላይ የወንፊት ፊልተር ይግባ። ከፓምፑ እስከ ቫልቩ 8 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ከቫልቩ እስከ ኖዝሎቹ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ቫልቩን በተቻለ መጠን ለኖዝሎቹ አስጠጉ፤ ከቫልቩ በኋላ ያለው ቱቦ ረጅም ከሆነ ቫልቩ ከተዘጋ በኋላ በውስጡ የቀረው ውሃ ይንጠባጠባል። መጋጠሚያ ሁሉ በፋሸታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ይጥበቅ፤ የፓምፑ ግፊት 4 ባር አካባቢ ስለሚደርስ በእጅ ብቻ የተገፋ ቱቦ ዳገቱ መሀል ይወልቃል።

ኖዝሎቹ ባለ 0.5 ሚሊ ሜትር የነሐስ ጉም ሠሪ ቢሆኑ ጥሩ ነው። ለፒክ አፕና ለሚኒባስ አራት ይበቃሉ። 0.3 ሚሊ ሜትሩ ጉሙ የበለጠ ያማረ ነው፣ በእኛ ውሃ ግን ቶሎ ይደፈናል። በአቃቂ በኩል ያለው የጉድጓድ ውሃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ ከሚመጣው ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል፤ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ውሃ ራዲያተር ክንፍ ላይም ያንኑ ይሠራል። የዝናብ ውሃ ካጠራቀማችሁ ከሁሉ ይበልጣል።

ታይመሩ

የሚገዛው ዕቃ ይህ ነው፤ ሁሉም መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጥበት ይገኛል።

- ኤንኢ555 አይሲ 1፣ ከባለ 8 ፒን ሶኬቱ ጋር
- አይአርኤፍዜድ44ኤን ሞስፌት 1 (በአይሲው ትእዛዝ ቫልቩን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)
- 1ኤን4007 ዳዮድ 2፣ 1ኤን4148 ዳዮድ 1
- ባለ 15 ቮልት፣ 1 ዋት ዜነር ዳዮድ 1
- ሬዚስተር፦ 100 ኦም ግማሽ ዋት፣ 220 ኦም፣ 10 ኪሎ ኦም፣ 22 ኪሎ ኦም፣ 100 ኪሎ ኦም
- ባለ 500 ኪሎ ኦም ፖቴንሺዮሜትር (እየዞረ የሚስተካከል ሬዚስተር) 1
- 100 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት ካፓሲተር 2፤ 100 ናኖፋራድ 1፤ 10 ናኖፋራድ 1
- የነጥብ ሰሌዳ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን፣ የሽቦ መያዣ ተርሚናል

100 ማይክሮፋራዱን ከወዳደቀ ሰሌዳ አትንቀሉ። ያረጀ ካፓሲተር ውስጥ ለውስጥ ስለሚያፈስ ሰዓቱ ይዛባል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይቆጥርም።

መጀመሪያ የኃይል መግቢያውን ሥሩ። ከመኪናው የሚመጣው ፖዘቲቭ በአንዱ 1ኤን4007 ያልፋል (ባለ ነጭ መስመሩ ጫፍ ወደ ሰሌዳው)፣ ቀጥሎ በ100 ኦሙ፣ ከዚያ የአይሲው ፒን (እግር) 8 ላይ ይደርሳል። ከፒን 8 ወደ ኔጌቲቭ ሦስት ነገር ይታሰራል፦ ዜነሩ (መስመሩ ወደ ፖዘቲቭ)፣ አንዱ 100 ማይክሮፋራድ እና 100 ናኖፋራዱ። ይህ ክፍል የሚዘለል አይደለም። ኤንኢ555 እንዲሠራ የተፈቀደለት እስከ 16 ቮልት ነው። መኪና ደግሞ 14.4 ቮልት እየሰጠ እያለ የባትሪው ሞርሴቶ (የሽቦ መያዣው) ለአፍታ ቢላላ ከአልተርኔተሩ የሚመጣው ቮልቴጅ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይዘላል። 100 ኦሙ ያንን ያንቀዋል፣ ዜነሩ ይቆርጠዋል። አይሲው ራሱ ወደ 10 ሚሊ አምፒር ብቻ ስለሚወስድ በ100 ኦሙ የሚጠፋው አንድ ቮልት ያህል ነው።

ከዚያ ፒኖቹ። ፒን 1 ወደ ኔጌቲቭ። ፒን 4 ከፒን 8 ጋር ይገናኝ፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ ታይመሩ በንዝረትና በእጅ ንክኪ ይቆማል። ፒን 5 በ10 ናኖፋራድ ወደ ኔጌቲቭ። ፒን 2 እና ፒን 6 እርስ በርስ ይታሰሩ፣ ከእነሱ ሁለተኛው 100 ማይክሮፋራድ ወደ ኔጌቲቭ ይውረድ (አወንታዊ እግሩ ወደ ፒኖቹ)። ከፒን 8 ወደ ፒን 7 የ22 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር። ከፒን 7 ወደ ፒን 6 የ100 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተርና ፖቴንሺዮሜትሩ ተከታትለው። ከነዚህ ከሁለቱ ጎን ለጎን 1ኤን4148 ይግባ፣ መስመሩ ወደ ፒን 6 ሆኖ።

የዚች ትንሽ ዳዮድ ሥራ ቢገባችሁ ሰዓቱን እንደፈለጋችሁ ትለውጣላችሁ። ካፓሲተሩ ሲሞላ ጅረቱ በ22 ኪሎ ኦሙና በዳዮዷ በኩል ይሄዳል፣ ትልልቆቹን ሬዚስተሮች ይዘላቸዋል። በዚህ ጊዜ ፒን 3 ከፍ ይላል፣ ቫልቩ ይከፈታል። ሲፈስ ግን ዳዮዷ ስለምትዘጋ በ100 ኪሎ ኦሙና በፖቴንሺዮሜትሩ ብቻ ያልፋል፤ ያኔ ቫልቩ ዝግ ነው። ስለዚህ የመክፈቻውና የመዝጊያው ጊዜ ለየብቻ ይስተካከላል። ዳዮዷን ብትተዉ የመክፈቻው ጊዜ ሁልጊዜ ከመዝጊያው ይረዝማል፤ ለእኛ የሚፈለገው ደግሞ ተቃራኒው ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የመዝጊያው ሰከንድ 0.693 ሲባዛ በሬዚስተሩ፣ ሲባዛ በካፓሲተሩ። ፖቴንሺዮሜትሩ ዜሮ ላይ ሲሆን 100 ኪሎ ኦም በ100 ማይክሮፋራድ ወደ 7 ሰከንድ ይሰጣል፤ ሙሉ ሲዞር 600 ኪሎ ኦም ይሆንና ወደ 42 ሰከንድ ይደርሳል። 15 ሰከንድ ከፈለጋችሁ አንድ አምስተኛ ትንሽ ሲያልፍ ቆም በሉ። የመክፈቻው በዚሁ ቀመር 1.5 ሰከንድ ነው፤ ዳዮዷ የምትወስደው 0.6 ቮልት ግን መሙላቱን ስለሚያዘገየው በተግባር ወደ 1.7 ይሆናል። ካፓሲተሮች ራሳቸው ከተጻፈባቸው 20 በመቶ ወዲያና ወዲህ ስለሚሉ በሰዓት ለኩት። ማብሪያው እንደተጫነ የመጀመሪያዋ ርጭት ከሌሎቹ አንድ ሰከንድ ያህል ትረዝማለች። ካፓሲተሩ ከባዶ ስለሚጀምር ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

ሞስፌቱን ጽሑፉ ወደ እናንተ ሆኖ ስትይዙት እግሮቹ ከግራ ወደ ቀኝ ጌት፣ ድሬን፣ ሶርስ ናቸው። ፒን 3 በ220 ኦም ወደ ጌት ይሂድ። ከጌት ወደ ኔጌቲቭ 10 ኪሎ ኦም ይውረድ፤ አይሲው ከሶኬቱ ቢወጣ ወይም ኃይል ገና ሲገባ ሞስፌቱ በራሱ እንዳይከፍት ይይዘዋል። ሶርስ ወደ ኔጌቲቭ። ድሬን ወደ ቫልቩ አንድ ጫፍ። የቫልቩ ሌላ ጫፍ በቀጥታ ከፊውዝ በኋላ ወዳለው ፖዘቲቭ፤ ከ100 ኦሙ በኋላ አትውሰዱለት፣ ቫልቩ ቀጭ እንኳ አይልም።

የቀረው 1ኤን4007 በቫልቩ ሁለት ጫፎች መካከል ይግባ፣ መስመሩ ወደ ፖዘቲቭ። ኮይል ሲጠፋ ያጠራቀመው ጉልበት መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫ ካጣ ቮልቴጁ በቅጽበት ይዘላል። አይአርኤፍዜድ44ኤን የሚችለው 55 ቮልት ነው። ያለ ዳዮድ የተሠራ ሰሌዳ ጠረጴዛ ላይ በደንብ ይሠራል፣ መኪና ላይም ለቀናት ይሠራል፤ አንድ ቀን ሞስፌቱ ተጣብቆ ይቀርና ጀሪካኑ ሙሉ ውሃ አስፋልት ላይ ያልቃል። ዳዮዱ በተቃራኒ ከገባ ደግሞ መታገሥ የለም፤ ታይመሩ እንደከፈተ ፊውዙ ይሄዳል። ሰሌዳው ላይ ሳይሆን ቫልቩ ጫፍ ላይ ብታስሩት ይሻላል፣ ምቱ በረጅሙ ሽቦ እየተጓዘ ሬዲዮ ውስጥ ጣ ጣ አይልም።

ሞስፌቱ ለዚህ ጅረት ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ በጣት ቢነካ አይሞቅም። ጀርባው ላይ ያለው ብረት ግን ድሬን ነው። ያ ብረት የመኪናውን አካል ከነካ ቫልቩ ሳይዘጋ ይቀራል። ሳጥኑ ፕላስቲክ ይሁን የተባለው ለዚህ ነው።

ጠረጴዛ ላይ መፈተን

ቫልቩን ከማገናኘታችሁ በፊት በቦታው ባለ 5 ዋት የመኪና አምፖል እሰሩ። 12 ቮልት ስጡት። አምፖሉ ሁለት ሰከንድ ገደማ በርቶ፣ ጠፍቶ፣ እንደገና መብራት አለበት። ጠፍቶ ከቀረ ፒን 3 ላይ ቮልቴጅ ለኩ፦ 10 አካባቢ እየወጣ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ ከፒን 3 በኋላ፣ በሞስፌቱ በኩል ነው፤ ዝም ካለ ፒን 4ንና የ2 እና 6ን ትስስር እዩ። በርቶ ከቀረ አብዛኛውን ጊዜ 1ኤን4148 ተገልብጧል ወይም ሞስፌቱ በሶልደር ሙቀት ሄዷል። አምፖሉ በትክክል ሲሠራ ቫልቩን ተኩ። ጥርት ያለ ቀጭ ድምፅ ሲከፍትም ሲዘጋም ይሰማል፤ ጣታችሁን ኮይሉ ላይ ብታሳርፉ ምቱ ይሰማችኋል። የሚንዘረዘር ከሆነ ቮልቴጁ እየወረደ ነው፤ የምትጠቀሙበት ኃይል ሰጪ ደካማ ነው።

መኪናው ላይ ማሰር

ይህ ሁሉ የተሰላው ለ12 ቮልት መኪና ነው። ብዙዎቹ የአይሱዙ ጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ይህን ሰሌዳ እንዳለ ካሰራችሁበት ዜነሩና 100 ኦሙ ይጨሳሉ። ለእነሱ ባለ 24 ቮልት ቫልቭና ፓምፕ ይገዛል፣ ሰሌዳው ላይ ከ100 ኦሙ በኋላ በዜነሩ ቦታ 7812 ሬጉሌተር ይገባል። ባትሪ ለሁለት ከፍሎ ከአንዱ 12 ቮልት መስረቅ የሚሠራ ይመስላል፣ ግን አንዱን ባትሪ እያራቆተ ሁለቱንም ይገድላል።

ባትሪውን ንቀሉ፣ ኔጌቲቩን አስቀድማችሁ። ባለ አራት እግር ተራ ሪሌ (በትንሽ ጅረት ታዝዞ ትልቅ ጅረት የሚያበራ ማብሪያ) ውሰዱ። እግር 30 ከባትሪ ፖዘቲቭ በባለ 10 አምፒር ፊውዝ ይምጣ፤ ፊውዙ ለባትሪው ቅርብ ይሁን፣ ከአንድ ስንዝር አይራቅ፣ ከዚያ በፊት ሽቦው ቢፋቅ የሚያጠፋው የለምና። እግር 86 ዳሽቦርድ ላይ ካለው ማብሪያ ይምጣ፤ ማብሪያው ኃይሉን የሚያገኘው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚነሳ መስመር ነው። እግር 85 ወደ ሻንሲ። ከእግር 87 ሁለት መስመር ይወጣል፦ አንዱ በ5 አምፒር ፊውዝ ወደ ፓምፑ፣ ሌላው በ2 አምፒር ፊውዝ ወደ ታይመሩና ቫልቩ። ለፓምፑ 1.5፣ ለቫልቩ 0.75 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃል።

ኔጌቲቩን የምታስሩበት ብሎን ሥር ቀለሙ ይፋቅ። ቀለም ላይ የታሰረ ኔጌቲቭ ደረቅ ቀን ይሠራል፣ ዝናብ ሲመጣ ይስታል። ሽቦ ከጋቢና ወደ ሞተር በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ጎማ ይግባበት፤ ሽቦ መጠቅለል በናስትሮ ብቻ አይበቃም፣ በሞተር ሙቀት ሙጫው ይቀልጣል። ሳጥኑን ከኢግኒሽን ኮይልና ከካንዴላ ሽቦዎች ራቅ አድርጋችሁ ጋቢና ውስጥ ብታስቀምጡት ከሙቀትም ከውሃም ትገላገላላችሁ። ቫልቩ ግን ከፊት፣ ከባምፐር ጀርባ ነው ቦታው፣ ኮይሉ ወደ ላይ ሆኖ።

ኖዝሎቹ ከክንፎቹ ፊት 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ይራቁ። ከዚያ ከቀረቡ ጉሙ ሳይበተን በአንድ ቦታ ይንጠባጠባል። ኤሲ ያለው መኪና ላይ ከራዲያተሩ ፊት ኮንደንሰሩ ስላለ ርጭቱ ኮንደንሰሩ ላይ ይሆናል፤ ምንም አይደለም፣ እሱም ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩ ጋ የሚደርሰው ነፋስ ይቀዘቅዛል። ውሃው ግን ወደ አየር ፊልተር አፍ፣ ወደ አልተርኔተርና ወደ ዲስትሪቢዩተር እንዳይሄድ ፋኑ እየዞረ አይታችሁ አረጋግጡ።

ማስተካከል

መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ፋኑ እየሠራ ማብሪያውን ክፈቱ። አንድ ኖዝል አንድ ጠርሙስ ውስጥ አስገብታችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቫልቩ ተከፍቶ ምን ያህል እንደሚወጣ ለኩ። በደቂቃ 150 ሚሊ ሊትር ካወጣ አራቱ 600 ናቸው፣ ማለት በሰከንድ 10። ቫልቩ 1.7 ሰከንድ ተከፍቶ 15 ሰከንድ ከተዘጋ በደቂቃ ወደ 60 ሚሊ ሊትር ያጠፋል። የ20 ደቂቃ ዳገት 1.2 ሊትር ብቻ ይጠጣል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀኑን ሙሉ ያገለግላል።

ይህች ትንሽ ውሃ ምን ታደርጋለች ለሚል፦ አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ወደ 2.4 ሚሊዮን ጁል ሙቀት ይወስዳል። በደቂቃ 60 ሚሊ ሊትር ሙሉ በሙሉ ቢተን 2.4 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ወጣ ማለት ነው። መዝጊያውን ወደ 7 ሰከንድ ብታወርዱት እጥፍ ይጠጋል። ጌጁ ቀይ ላይ ሊነካ ሲል መካከል ላይ ለመያዝ ይህ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ሥራው ያለው በመትነኑ ላይ ነው፤ ከራዲያተሩ ሥር ውሃ እየወረደ ካያችሁ የወረደው ሁሉ በከንቱ ነው፣ መዝጊያውን አርዝሙት። ክንፎቹ ቀጣዩ ርጭት ከመምጣቱ በፊት ሊደርቁ ሲቃረቡ ሰዓቱ ልክ ነው። ውሃው ሁልጊዜ በጉም መልክ ይሁን እንጂ በባልዲ ሞተር ብሎክ ላይ አይፈስ፤ የጋለ ብረት በአንድ ጎኑ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

የሚበላሸውና ምክንያቱ

ቫልቩ ቀጭ እያለ ውሃ የማይረጭ ከሆነ ፓምፑ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ አዳምጡ። ፓምፑ ዝም ካለ 5 አምፒር ፊውዙ ነው ወይም ግፊት ሞልቶ ቆሟል፤ ግፊት ከሞላ የተደፈነው ኖዝል ነው። የኖዝሉን ጫፍ በጥፍር ስትነኩት ሸካራ፣ ኖራ የመሰለ ነጭ ዘውድ ታገኛላችሁ። ሌሊቱን ኮምጣጤ ውስጥ ይደር፤ በመርፌ አትውጉት፣ ቀዳዳው ሰፍቶ ጉም መሥራቱን ይተዋል።

ቫልቩ ዝግ ሆኖ ፓምፑ በየግማሽ ደቂቃው ብድግ እያለ የሚቆም ከሆነ የሆነ ቦታ ያንጠባጥባል። መጋጠሚያዎቹ ደረቅ ከሆኑ ቫልቩ መቀመጫ ላይ አሸዋ አለ። ይህ የሚሆነው ከፓምፑ በፊት ያለው ወንፊት ሲዘለል ነው። ቫልቩ ይፈታ፣ ጎማው በንጹህ ውሃ ይታጠብ።

ሞተሩ ጠፍቶ በትክክል የሚቆጥር ታይመር ሞተሩ ሲነሳ የሚቀያየር ከሆነ ቮልቴጁን አትጠርጥሩ። 555 የሚያነጻጽረው የራሱን ኃይል አንድ ሦስተኛና ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ 12ም ይሁን 14 ሰዓቱ ያው ነው። የሚረብሸው የካንዴላው እሳት (የኢግኒሽን) መስመር ነው፦ ሳጥኑን አርቁ፣ የፒን 5 10 ናኖፋራድ መኖሩን እዩ፣ 100 ናኖፋራዱ ከአይሲው እግር ሥር መሆኑን አረጋግጡ።

በበጋ የጥርጊያ መንገድ ላይ ማብሪያው ይጠፋ። ይህ ከሁሉም ብልሽት የከፋው ነው። እርጥብ ክንፍ ላይ ያረፈ አቧራ ጭቃ ይሆናል፣ ጭቃው ይደርቃል፣ ቀጣዩ ርጭት ሌላ ንብርብር ይጨምራል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነፋስ የማያሳልፍ የሸክላ ግድግዳ ይሠራል። ከዚያ በኋላ መኪናው ድሮ ከሚሞቀው በላይ ይሞቃል፣ ሰው ደግሞ ሰዓቱን ያሳጥርና ጭቃውን ያባብሰዋል። ድንጋይ ከሚወጣበት ወይም ግንባታ ካለበት መንገድ ለሚወጣ መኪና አስፋልቱ ከተያዘ በኋላ ብቻ ይከፈት፣ በየሳምንቱም ክንፎቹ ከሞተር በኩል ወደ ፊት፣ ማለት ነፋስ ከሚገባበት ተቃራኒ፣ በቀስታ በሚፈስ ውሃ ይታጠቡ። የመኪና እጥበት ቤት ከፍተኛ ግፊት ቀርቦ ከተለቀቀበት ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል።

ክረምት ሲገባ ጀሪካኑ ይውጣ፣ ፓምፑ አየር እስኪመታ ተሠርቶ ይድረቅ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውጭ የሚያድር መኪና ሱሉልታ ሜዳ ላይ ውርጭ ስለሚመታው ማታ ማታ ቱቦው ከጀሪካኑ ወጥቶ፣ ማብሪያው ተከፍቶ ከቫልቩ በኋላ ያለው ውሃ ይራገፍ፤ ኖዝሎቹ ውስጥ የቀረ ጠብታ ሲረጋ የነሐሱን ጥርስ ከፕላስቲክ መያዣው ያላቅቀዋል።